ሰልባጅ ጠመንጃ

አንድ አሮጌ ጠመንጃ ብረቱ ላይ «1888» የሚል ቁጥር ተመትቶበት ብታገኙ መጀመሪያ ምን ትላላችሁ? «የአድዋ ነዋ!» ሌላ ምን ሊባል! የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከማባዣ ሠንጠረዥ ቀጥሎ በቃላችን የያዝነው ነገር ነው፡፡ ይህን ሻጩም ያውቃል፡፡ ስለዚህ ቁጥሯን በጨርቅ ወልወል አድርጎ ያሳያችኋል፤ ከዚያ ዋጋውን ይጠራል፡፡

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ቶሪኖ ወይም ሴንት ኤትየን ውስጥ ብረት ላይ ቁጥር ሲመታ የዋለው ሠራተኛ ስለ እኛ አቆጣጠር የሚያውቀው ነገር የለም፡፡ የእሱ 1888 የራሱ 1888 ነው፤ በእኛ 1880 ወይም 1881፡፡ አድዋ በእሱ አቆጣጠር 1896 ነው፡፡ ይባስ ብሎ ቁጥሩ ጭራሽ ጠመንጃው የተሠራበት ዓመት ላይሆን ይችላል፡፡ ጀርመኖችም ኦስትሪያዎችም «88» የሚባል ሞዴል ነበራቸው፤ ያ ሞዴሉ የወጣበት ዓመት ነው እንጂ እጃችሁ ላይ ያለው ጠመንጃ የተወለደበት አይደለም፡፡ የ1868 ነገር ደግሞ ይብሳል፡፡ በፈረንጅ 1868 መቅደላ ነው፡፡ በእኛ 1868 ጉንደትና ጉራ ነው፡፡ አንድ ቁጥር፣ ሁለት ዘመቻ፣ ሁለት ንጉሥ፡፡ (ከዚህ በኋላ ብረት ላይ ስለተመታ ዓመት ስናወራ ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው፤ በየመስመሩ እየደጋገምኩ አላሰለቻችሁም፡፡)

ጋዜጠኝነት ስንማር ቀድሞ የሚነገረን ነገር ምንጭህን ጠይቅ የሚል ነው፡፡ ማን ነው፣ መቼ ነው፣ እንዴት አወቀ? ጠመንጃም ምንጭ ነው፡፡ ደግነቱ አይምልም፣ አይገዘትም፤ ሰውነቱ ላይ የተጻፈውን ብቻ ይናገራል፡፡ እኛ ነን የሌለውን የምናናግረው፡፡ በየዓመቱ የካቲት 23 አባት አርበኞች የያዙትን ጠመንጃ ስንት ሰው ፎቶ ያነሳዋል? «ስሙ ማን ይባላል?» ብሎ የሚጠይቀውስ?

ስም ካልኩ አይቀር፣ አማርኛ ራሱ ግማሹን ሥራ ጨርሶልናል፡፡ «ውጅግራ» የሚለው ቃል ዝም ብሎ የሚያስፈራ ድምፅ ይመስላል፤ ግን ፈረንሳይኛ ነው፡፡ «ፊውዚ ግራ»፣ ማለትም የግራ ጠመንጃ፡፡ ባዚል ግራ የሚባል ፈረንሳዊ መኮንን የሠራው የ1874 ሞዴል ነው፡፡ «ስናድር» እንግሊዞች ከ1866 ጀምሮ የያዙት ስናይደር ነው፡፡ ጃኮብ ስናይደር የተባለ አሜሪካዊ፣ ከአፈሙዙ ይጎረስ የነበረውን የእንግሊዝ ጠመንጃ ከኋላ እንዲጎርስ የሚያደርግ ዘዴ ስላመጣ ስሙ በጎንደርና በትግራይ ገደላገደል ሲጠራ ኖረ፡፡ «ቤልጅግ» ከነስሙ ቤልጂግ ነው፡፡ የአያቶቻችን ጆሮ ጥሩ ነበር፡፡ የፋብሪካውን ስም ሰሙ፣ በራሳቸው አፍ አሹት፣ ለልጅ ልጅ አስተላለፉት፡፡ ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ «የአባባ ውጅግራ» የሚባል ነገር ካለ ስሟን አትናቋት፡፡ «ምንሽር» ከተባለ ግን ጠንቀቅ በሉ፤ ይህ ስም በጊዜ ብዛት ሰፍቶ ዛሬ በየገጠሩ መቀርቀሪያ ላለው አሮጌ ጠመንጃ ሁሉ የሚለጠፍ ሆኗል፡፡

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ፣ እነዚህ ሁሉ እንዴት እዚህ ደረሱ? መልሱ መርካቶ ለሚያውቅ ሰው ቀላል ነው፤ በሰልባጅ፡፡

በ1886 ፈረንሳዮች ጭስ የማያወጣ ባሩድ የሚተኩስ ለቤል የሚባል ጠመንጃ አወጡ፡፡ በአንድ ጀምበር የአውሮፓ ግምጃ ቤት ሁሉ አረጀ፡፡ እያንዳንዱ መንግሥት አዲስ መግዛት ነበረበት፤ አሮጌው ግን አልተሰበረም፣ በመቶ ሺዎች ተቆልሎ ተቀመጠ፡፡ ሻጭ ገዢ ይፈልጋል፡፡ ገዢው ደግሞ በእንጦጦ ላይ ነበር፡፡ ውጅግራው በኦቦክና በጅቡቲ በኩል በግመል ይወጣ ጀመር፡፡ በ1887 በተደረገ ስምምነት ኢጣሊያ ራሷ 5,000 ሬሚንግተን ለምኒልክ ልትሰጥ ቃል ገብታ ነበር፡፡ ከዚያ በፊት ደግሞ የግብፅ ጦር ጉንደትና ጉራ ላይ ተሸንፎ ሲበተን በሺዎች የሚቆጠር ሬሚንግተን ለዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ትቶ ሄዷል፡፡ ያ እንኳ ያለ ክፍያ ነው፡፡

ንግዱ ምን ይመስል እንደነበር ማወቅ ለሚፈልግ ከገጣሚው አርተር ራምቦ የተሻለ ምስክር የለም፡፡ አዎ፣ ያው ራምቦ፡፡ ግጥም ከተወ በኋላ ጠመንጃ ነጋዴ ሆኖ ነበር፡፡ በ1885 ከታጁራ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ሒሳቡን ሳያፍር አስቀምጦታል፤ አርባ ዓመት ያለፈባቸውን ጠመንጃዎች ከሊዬዥና ከፈረንሳይ አሮጌ ሻጮች በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ገዝቶ ለሸዋው ንጉሥ በ40 ፍራንክ ሊሸጥ፡፡ ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ ይዞ በ1887 እንጦጦ ሲደርስ ግን ምኒልክ የሞተ ሸሪኩን ዕዳ ቆጥረው፣ ዋጋውን ራሳቸው ተምነው ወሰዱት፡፡ የአሮጌ ጠመንጃ ዋጋ ግምት በኢትዮጵያ ታሪክ የተጀመረው ያኔ ነው ብል ሰው አይቆጣኝም መሰለኝ፡፡ ንጉሡ ዕቃውን ያውቁ ነበር፡፡

ስለዚህ አድዋን ያስታጠቀው በብዛት ሰልባጅ ነው፡፡ ይህን ስል የሚከፋው ሰው አለ፤ እኔን ግን ያኮራኛል፡፡ ሌላው የጣለውን መርጦ፣ ተከራክሮ፣ በግመል አስጭኖ ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ ሠራዊት ማስታጠቅ ቀላል የአስተዳደር ሥራ አይደለም፡፡ ጣሊያኖቹም ቢሆኑ ካርካኖ የሚባለውን አዲስ ጠመንጃቸውን በ1891 ያጸደቁ ቢሆንም አድዋ ላይ በብዛት የያዙት አሮጌውን ቬተርሊ ነበር፡፡ ሲሸሹ ወደ 11 ሺህ የሚሆነው ሜዳው ላይ ቀረ፡፡

አሁን ወደ እጃችን እንምጣ፡፡ አንድ አሮጌ ጠመንጃ ፊታችሁ ተቀምጧል እንበል፡፡ ጎርሶ እንደተቀመጠ ቁጠሩት፤ የሚያውቅ ሰው ከፍቶ ባዶ መሆኑን ሳያሳያችሁ አትነካኩት፡፡ ልተኩሰው ማለት ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ፡፡ ከዚያ ቁጥሩን አትፈልጉ፡፡ መጀመሪያ የሚታየው አከፋፈቱ ነው፡፡ ጥይት የሚጎርስበት ክዳን እንደ ሣጥን ወደ ቀኝ የሚገለበጥ ከሆነ ስናድር ነው፡፡ መዶሻውን ወደኋላ ስቦ፣ ቀጥሎ ያለውን ድፍን ብረት በአውራ ጣት ወደኋላ በማንከባለል የሚከፈት ከሆነ ሬሚንግተን ነው፡፡ ከምላጩ ሥር ያለው ማንሻ ወደታች ሲሳብ የሚከፈተው የእንግሊዞቹ ማርቲኒ ነው፡፡ እንደ በር መቀርቀሪያ ከፍ አድርጎ ወደኋላ የሚሳብ ከሆነ ደግሞ ሰፊው ቤተሰብ ውስጥ ገብታችኋል፤ ውጅግራ፣ ቬተርሊ፣ ለቤል፣ ካርካኖ፣ ሞዘር፡፡ ጥይት ማጠራቀሚያ የሌለው፣ አንድ አንድ እየጎረሰ የሚተኩሰው ብዙ ጊዜ ውጅግራ ነው፡፡ ከምላጩ ፊት ወደታች የወጣ የብረት ሣጥን ያለው አሮጌ ጣሊያን ቬተርሊ ነው፤ ሣጥኗ በ1887 የተጨመረች ናት፣ አራት ጥይት ትይዛለች፡፡

ቁጥርና ጽሑፍ ከዚህ በኋላ ይነበባል፡፡ ቬተርሊ በርሜሉ ከሥሩ ጠፍጣፋ ጠፍጣፋ ጎን አለው፤ እዚያ ላይ ቶሪኖ፣ ብሬሺያ፣ ቴርኒ ወይም ቶሬ አኑንዚያታ የሚል ይገኛል፣ ዓመቱም አብሮ፡፡ ውጅግራ ጎኑ ላይ ቁልፍልፍ ባለ ፊደል የፋብሪካው ስምና «ሞዴል 1874» ይላል፡፡ እዚህ ጋ ነው ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው፤ 1874 ሞዴሉ ነው፣ የተሠራበት ዓመት በርሜሉ ላይ ለብቻው ተመትቷል፡፡ የሬሚንግተን ወጥመድ ደግሞ የባሰ ነው፡፡ ጀርባው ላይ ረድፍ ይዞ 1864፣ 1866 እያለ ይዘረዝራል፤ እነዚያ የፈጠራ መብት የተመዘገበባቸው ቀኖች ናቸው፡፡ ጠመንጃው ከዚያ ዐሥር ዓመት በኋላ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል፡፡

ካርካኖ ላይ የምታገኙት ምልክት ግን ይናገራል፡፡ በፋሺስት ዘመን የተሠራው ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይጻፍበታል፤ አንዱ ተራው ዓመት፣ ሌላው በሮማ ቁጥር፡፡ የሮማው ቁጥር ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1922 ጀምሮ ይቆጠራል፡፡ 1935 ከጎኑ በሮማ ቁጥር 13 ካለበት ያ ጠመንጃ አድዋን አያውቅም፡፡ የመጣው ለሁለተኛው ወረራ ነው፡፡ እና ቤተሰቡ «የአድዋ ነው» ሲል ኖሮ ይህን ሲሰማ ያዝናል፡፡ ለምን እንደሚያዝን ግን አይገባኝም፡፡ በ1935 ለጣሊያን ወታደር የተሠራ ጠመንጃ የአንድ ገበሬ ጎጆ ውስጥ እንዴት ገባ? ተማርኮ፣ ከከዳ ባንዳ ተገኝቶ፣ ወይም በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወጣ ተለቅሞ፡፡ በየትኛውም መንገድ ከኋላው አንድ ሰው አለ፡፡ አምስት ዓመት በዱር በገደል ያደረ ሰው ከአድዋ ዘማች ምን ያንሳል?

አሁን ወደምወደው ማስረጃ ልምጣ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ተራ እርሳስ ነው፡፡

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ጣሊያኖች ጠመንጃ አነሳቸው፡፡ ከ1915 ጀምሮ ግምጃ ቤት የተኛውን ቬተርሊ አውጥተው የካርካኖን ጥይት እንዲተኩስ አደረጉት፡፡ 10.35 ሚሊሜትር የነበረውን በርሜል ቦርቡረው 6.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለው ቱቦ አስገቡበት፤ የጥይት ሣጥኑንም በካርካኖው ለወጡት፡፡ በርሜሉ ላይ ግን የድሮው ዓመት አልጠፋም፡፡ ስለዚህ «ቶሪኖ 1880» ብሎ በግልጽ የሚናገር፣ ከውጪ ሲታይ ለአድዋ የተሰፋ የሚመስል ጠመንጃ አለ፤ ቢሆንም ጣሊያን አገር በ1915 ወይም ከዚያ በኋላ ተቀይሮ ነው የመጣው፡፡ አድዋ ላይ የተማረከ ጠመንጃ ደግሞ ተመልሶ ጣሊያን ሄዶ ሊቀየር አይችልም፡፡ እርሳስ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር ገደማ ነው፡፡ ባዶ መሆኑ በተረጋገጠ ጠመንጃ አፈሙዝ ላይ እርሳሱን ሞክሩት፡፡ ወለል ብሎ ከገባ የድሮው ቬተርሊ ነው፤ አድዋ ሊሆን ይችላል፡፡ አልገባ ካለ ስለ አድዋ የተነገረው ሁሉ እዚያው አፈሙዙ ላይ ቀርቷል፡፡ ፈረንሳዮችም በ1914 ውጅግራን እንዲሁ ወደ 8 ሚሊሜትር ቀይረውት ነበር፤ እዚያ እርሳሱ ይገባል፣ ግን ጠበብ ይለዋል፡፡ በዋናው 11 ሚሊሜትር ውስጥ ይወዛወዛል፡፡

«ሊሆን ይችላል» አልኩ፣ «ነው» አላልኩም፡፡ ያልተቀየረ ቬተርሊ አድዋ ላይ ተማርኮ ሊሆን ይችላል፤ ከውጫሌ ውል በፊት ጣሊያን ወዳጅ ሳለች የሰጠችው ሊሆን ይችላል፤ ከድሉ በኋላም በንግድ የገባ ሊሆን ይችላል፡፡ ብረቱ «አልነበርኩም» ብሎ ማረጋገጥ ይችላል፡፡ «ነበርኩ» ለማለት ግን ሰው ያስፈልገዋል፡፡

ዋጋስ? ዋጋ እንደ ገበያው ነው፡፡ በድሮው አገር ቤት ጠመንጃ ዋጋ የሚያወጣው በጥይቱ ነበር፡፡ ጥይቱ ከተገኘ ጠመንጃው ጌታ ነው፤ ከጠፋ ዱላ፡፡ ጥይት ራሱ ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል፤ በአንዳንድ አካባቢ የውጅግራ ጥይት እንደ ሳንቲም ገበያ ላይ ይመነዘር ነበር፡፡ በሰብሳቢዎች ገበያ ነገሩ ይገለበጣል፡፡ እዚያ መተኮሱ ቁም ነገር አይደለም፡፡ የሚጠየቀው ስንት ተሠራ፣ ስንት ቀረ፣ ክፍሎቹ አብረው የተወለዱ ናቸው ወይ የሚለው ነው፡፡ የመቀርቀሪያው ቁጥር፣ የበርሜሉ ቁጥርና የሰደፉ ቁጥር አንድ ከሆነ ዋጋው ከፍ ይላል፡፡ የእኛዎቹ ብዙ ጊዜ አንድ አይሆኑም፤ ከሦስት የተሰበረ አንድ የሚተኩስ ሲሠራ ነው የኖረው፡፡

እና እባካችሁ፣ እባካችሁ አታሳምሩት፡፡ ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ቫርኒሽ የቀባ፣ ብረቱን በሽቦ ብሩሽ አሽቶ ያብረቀረቀ ሰው ጠመንጃውን ያጸዳ ይመስለዋል፡፡ ያጠፋው ግን ጽሑፉን ነው፡፡ ፋቂው ሲያልፍ መጀመሪያ የምትሄደው እዚያች ስስ ማህተም ናት፤ ዋጋውም አብሯት ይሄዳል፡፡

ከ2010ሮቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ይህ ገበያ ለእኛ የሩቅ ነገር መሆኑ ቀርቷል፡፡ አንድ የአሜሪካ አስመጪ ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎችን በብዛት ገዝቶ እዚያ መሸጥ ጀመረ፤ ቬተርሊ፣ ውጅግራ፣ ካርካኖ፣ ሬሚንግተን፣ የቤልጂግ ሞዘር፡፡ አውሮፓ አርጅቶብኛል ብሎ የሸጠልን ሰልባጅ ከመቶ ዓመት በኋላ እንደገና ሰልባጅ ሆኖ ባሕር ተሻገረ ማለት ነው፡፡ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እስከ 1898 የተሠራ ጠመንጃ እንደ ተራ የጥንት ዕቃ ይቆጠራል፤ እንደየስቴቱ ሕግ ቤት ድረስ በፖስታ ሊመጣ ይችላል፡፡ አድዋ 1896 ነው፡፡ አድዋ ላይ ሊኖሩ የሚችሉት ጠመንጃዎች በሙሉ ከመስመሩ ወዲህ ናቸው፡፡ ቨርጂኒያ ያለ ሐበሻ አዲስ አበባ ላይ ፈቃድ የሚያስጠይቀውን ነገር (አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን ልብ ይሏል) እንደ ጫማ ሊያዝ ይችላል ማለት ነው፡፡ ቬተርሊና ካርካኖ ደግሞ ከወታደር አሮጌ ጠመንጃዎች ሁሉ ርካሾቹ መደብ ውስጥ ናቸው፤ ብዙ ተሠርተዋል፣ ተኳሽም አይጓጓላቸውም፡፡ ውድ የሚሆኑት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትእዛዝ የተሠሩት፣ የይሁዳ አንበሳ የተመታባቸው ሞዘሮች ናቸው፡፡

እኔን የከነከነኝ መሸጣቸው አይደለም፡፡ መንግሥት የማይሠራበትን ብረት ቢሸጥ አንድ ነገር ነው፡፡ የከነከነኝ የሚጻፍላቸው መግለጫ ነው፤ ሞዴል፣ ፋብሪካ፣ የይዞታ ደረጃ፡፡ ሰደፉ ተሰብሮ በጠፍር ተጠፍሮ የተጠገነው «ጉዳት ያለበት» ተብሎ ይመደባል፡፡ ያ ጠፍር እኮ እርጥብ ቆዳ ነው፤ እንጨቱ ላይ ተስፍቶ ሲደርቅ ከብሎን የበለጠ ያጠብቃል፡፡ የጠገነው ሰው ስም አልጻፈም፣ ግን የሠራው ሥራ ፊርማው ነው፡፡ አንዳንዶቹ ላይ የግእዝ ፊደልና የግእዝ ቁጥር ተመትቷል፡፡ የቶሪኖውን ማህተም የሚፈታ መጽሐፍ በየሰብሳቢው መደርደሪያ አለ፡፡ የእኛውን ማህተም የሚያነብ ግን እዚያ የለም፤ የሚያነበው እዚህ ነው፣ እዚህ ደግሞ ጠመንጃው የለም፡፡ አንዳንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢዎች አሁን ጠፍሩን ሳያወልቁ፣ እንዳለ ማስቀመጥ ጀምረዋል፡፡ እኛ እዚህ በቫርኒሽ እንቀባለን፡፡

ቤተሰቡ ውስጥ በፈቃድ የተያዘ አሮጌ ጠመንጃ ያለው ሰው ዋጋውን ዛሬውኑ ከፍ ማድረግ ይችላል፤ ወጪውም ወረቀትና እስክሪብቶ ነው፡፡ አከፋፈቱን፣ እያንዳንዱን ማህተም፣ እያንዳንዱን ጥገና ፎቶ አንሱ፡፡ ከዚያ ጠመንጃውን የሚያውቁት ሽማግሌ ዘንድ ሂዱ፡፡ «አድዋ ነበረ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቋቸው፤ አዎ ይሏችኋል፣ እናንተም ደስ ይላችኋል፣ ነገሩም እዚያ ያበቃል፡፡ ይልቅ ከማን እጅ እንደመጣ፣ በምን እንደተለወጠ፣ ስንት በሬ ወይም ስንት ብር እንደተከፈለበት፣ ማን እንደጠገነው ጠይቁ፡፡ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ጥይቱን ከየት ነበር የምታገኙት?» በሉ፡፡ ይህን ጥያቄ ማንም ስለማይጠይቃቸው የተዘጋጀ መልስ የላቸውም፤ ስለዚህ ማስታወስ ይጀምራሉ፡፡

ከሣጥኑ ሥር፣ ከድሮ ደረሰኝና ከተሰበረ መነጽር ጋር አንድ የተተኮሰ ቀለህ ተቀምጦ ካገኛችሁም አትጣሉት፡፡ የቀለህ ቂጥ ላይ ብዙ ጊዜ ፋብሪካውና ዓመቱ ይመታል፡፡ በርሜሉ 1880 ብሎ ቀለሁ 1936 የሚል ከሆነ፣ ያ ጠመንጃ ለመጨረሻ ጊዜ ማን ላይ እንደተተኮሰ አያት ሳይነግሯችሁ ግማሹን አውቃችኋል፡፡